ፈረስን በሙከራ ወስዶ ስለ መግዛት፤ ጉዳት ቢደርስስ የማን ነው?

ፈረስና በቅሎ ሌላም የጋማ ከብት የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ይኸውም እንስሳው በገበያ መካከል ሲታይና በገዢው ግቢ ሲያድር አንድ አለመሆኑን ነው። በገበያው ቀን አንገቱን ቀስሮ፣ ጋማው ተበጥሮ፣ ልጓሙን እያኘከ የታየው ፈረስ በማግስቱ ከጋጣው ሲወጣ ሊያነክስ፣ ጋሪ ሲታሰርበት ሊራገጥ፣ መኪና ባየ ጊዜ ሊደነብር ይችላል። ጨርቅ ተለክቶ ይገዛል፤ ቡናም በእጅ ታፍሶ ይታያል፤ የፈረስ ጠባይና ጤንነት ግን በአንድ ሰዓት ምርመራ ተገልጦ አያልቅም። ስለዚህም ከጥንት ጀምሮ በልዩ ልዩ አገር ነጋዴዎች ዘንድ ገዢው ፈረሱን ለጥቂት ቀን ወስዶ እንዲሞክረው፣ ቢስማማው ዋጋውን እንዲከፍል፣ ባይስማማው ግን እንዲመልሰው የሚደረግ ልማድ ኖሯል።

ይህ ልማድ ላይ ላዩን ሲያዩት እጅግ ቀላል ይመስላል። ሻጩ «ወስደህ ሞክረው» ይላል፤ ገዢውም «መልካም፤ ካልሆነኝ እመልሰዋለሁ» ብሎ ይቀበላል፤ ተጨባብጠውም ይለያያሉ። ክርክሩ የሚነሣው ፈረሱ በሦስተኛው ሌሊት ቁርጠት ይዞት የሞተ እንደ ሆነ ነው። ሻጩ «ፈረሴን ወስደሃልና ዋጋውን ክፈለኝ» ሲል ገዢው «ገና አልገዛሁትምና የሞተው የአንተ ፈረስ ነው» ብሎ ይመልሳል። ከሁለቱ አንዱም ሐሰተኛ አይደለም። ጥፋታቸው በተለያዩበት ዕለት አንድ ጥያቄ ሳይጠያየቁ መቅረታቸው ነው። ጥያቄውም «ዛሬ ማታ ፈረሱ የማን ነው?» የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ለፈረስ ነጋዴ ብቻ የሚገባ አድርጎ የሚያየው አንባቢ ቢኖር ይሳሳታል። «ካልተሸጠልኝ እመልሳለሁ» ብሎ ከጅምላ ነጋዴ ዕቃ የሚወስድ ባለ ሱቅ፣ የወፍጮ ሞተር ለሙከራ የሚያስረክብ አስመጪ፣ ገዢው አይቶ እንዲወስን ሸቀጡን አስቀድሞ የሚሰድ ላኪ፣ ሁሉም ያው ፈረስ በእጃቸው አለ። ፈረሱ ግን ሕይወት ያለው፣ የሚታመምና የሚሞት በመሆኑ ችግሩን ከሌላው ዕቃ ሁሉ አጉልቶ ያሳያል። የንግድ ሕግ ሊቃውንት ስለ ሙከራ ሽያጭ ሲጽፉ ደጋግመው የፈረስን ምሳሌ የሚያነሡት በዚህ ምክንያት ነው።

የሮማ ሊቃውንት የሰጡት ፍርድ

በጥንታዊት ሮማ ገበያን የሚቆጣጠሩ ሹማምንት ባወጡት ደንብ መሠረት የጋማ ከብት ሻጭ የእንስሳውን በሽታና ጉድለት ለገዢው በግልጥ የመናገር ግዴታ ነበረበት። ያልተናገረ እንደ ሆነ ገዢው በስድስት ወር ውስጥ ሽያጩን ለማፍረስ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ደግሞ ከዋጋው ለማስቀነስ መክሰስ ይችል ነበር። ከዚህም ሌላ ሊቃውንቱ የሙከራን ነገር ለብቻው መርምረውታል። በንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ዘመን በ533 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በታወጀው ታላቅ የሕግ ስብስብ ውስጥ ኡልፒያን የተባለው የሕግ ሊቅ ከእርሱ በፊት የነበሩትን እየጠቀሰ ያቆያቸው ሦስት ጉዳዮች እስከ ዛሬ ድረስ ይነገራሉ።

የመጀመሪያው የፈረሶች ነገር ነው። አንድ ሰው የሚሸጡ ፈረሶቹን፣ ካልተስማሙት በሦስት ቀን ውስጥ እንዲመልሳቸው ተነጋግሮ፣ ለሙከራ ይሰጣል። ተቀባዩ በውድድር ሜዳ ከአንዱ ፈረስ ወደ ሌላው እየዘለለ የሚጋልብ ባለ ሙያ ነበርና በእነዚሁ ፈረሶች ተወዳድሮ ያሸንፋል፤ ከዚያም በኋላ «አልገዛም» ይላል። ሊቁ እንደ ፈረደው ሽያጩ ስላልተፈጸመ የሽያጭ ክስ አይቀርብበትም፤ ነገር ግን በተለየ ክስ ይጠየቃል፤ ምክንያቱም የተሰጠው በነጻ ሊሞክራቸው እንጂ ሊወዳደርባቸው አልነበረም። እንግዲህ ሙከራ ማለት መጠቀም ማለት አለመሆኑ ገና ያን ጊዜ ተለይቶ ታውቋል።

ሁለተኛው የበቅሎዎች ነገር ነው። ተቀባዩ ቢስማሙት ሊገዛቸው፣ ባይስማሙት ግን ስለ እያንዳንዱ ቀን ኪራይ ሊከፍል ተነጋግሮ በቅሎዎችን ይወስዳል። በሙከራው ቀናት ውስጥ ወንበዴዎች በቅሎዎቹን ይዘርፏቸዋል። ዋጋው ይከፈላል ወይስ ኪራዩ ብቻ? የተሰጠው መልስ ሁሉን የሚወስነው የስምምነቱ ቃል ነው የሚል ነው። ግዢው አስቀድሞ ተፈጽሞ ከሆነ ዋጋው ይጠየቃል፤ ግዢው ወደ ፊት ሊደረግ የታሰበ ብቻ ከሆነ ግን የሚጠየቀው ኪራዩ ነው። ወንበዴዎቹ፣ መንገዱና በቅሎዎቹ በሁለቱም አንድ ናቸው፤ በቃል ልዩነት ብቻ ጉዳቱ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ተዛወረ።

ሦስተኛው ለባለ ሱቅ ቅርብ ነው። አንድ የብር ዕቃ ሠሪ ዕቃውን ወስዶ ሊገዛ ከፈለገ ሰው ቤት ያስቀምጣል። ዕቃው ሰውየውን አላስደሰተውምና ለባለቤቱ እንዲመልስ ለአሽከሩ ይሰጠዋል፤ በመንገድም ያለ ሰውየው ተንኰልና ያለ ጥፋቱ ይጠፋል። ሊቁ ጉዳቱን በአንጥረኛው ላይ ጣለው፤ ዕቃው የተላከው ለአንጥረኛውም ጥቅም ነበርና።

የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ያዩዋቸው ሁለት ፈረሶች

ከብዙ ዘመን በኋላ የእንግሊዝ ዳኞች ይህንኑ ጥያቄ ለመፍታት ተቸግረው ነበር። በ1871 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሄድ የተባለ ሰው ታተርሳልን ከሶ የተፈረደው ጉዳይ ይጠቀሳል። ፈረሱ በሐራጅ ሲሸጥ ከቢስተር የአደን ውሾች ጋር ለአደን የወጣ ነው ተብሎ ተነግሮለት ነበር። የሐራጁ ደንብ እንደ ተነገረለት ሆኖ ያልተገኘ ፈረስ እስከ ረቡዕ ማታ በአምስት ሰዓት በእንግሊዝ አቈጣጠር እንዲመለስ ይፈቅዳል። ገዢው ፈረሱን ሲያስወስድ እንስሳው ደንብሮ ያለ ገዢው ጥፋት ክፉኛ ተጐዳ። ከዚያም ፈረሱ ከተባሉት ውሾች ጋር አለመውጣቱ ስለ ታወቀ ገዢው ጊዜው ሳያልፍ መለሰው። ሻጮቹ «በደኅና ሰጥተን የተጐዳ አንቀበልም» ቢሉም ፍርድ ቤቱ ለገዢው ፈረደ። በተወሰነ ቀን የመመለስ መብት ያለው ገዢ ጉዳቱ በራሱ ጥፋት እስካልደረሰ ድረስ መብቱን አያጣም ተባለ።

ሁለተኛው በ1880 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ኤልፊክ የተባለ ሻጭ ባርንስ በተባለው ሰው ላይ ያቀረበው ክስ ነው። ፈረሱ ለስምንት ቀን ሙከራ ተሰጠ፤ በሦስተኛውም ቀን የማንም ጥፋት ሳይኖር ሞተ። ሻጩ ዋጋውን ለማስከፈል ቢከስ ስምንቱ ቀን ገና ስላላለቀና ገዢውም «ወድጄዋለሁ» ስላላለ ሽያጩ አልተፈጸመም ተብሎ ክሱ ውድቅ ሆነ። የሞተው የሻጩ ፈረስ ነበር።

እነዚህና መሰሎቻቸው በ1893 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በወጣው የእንግሊዝ የዕቃ ሽያጭ ሕግ ውስጥ በአጭር ቃል ተደነገጉ፤ በ1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተተካው ሕግም ደንቡን ሳይለውጥ ይዞታል። እንደ ደንቡ አነጋገር ለሙከራ ወይም «ካልተሸጠ ይመለሳል» ተብሎ የተሰጠ ዕቃ ወደ ገዢው ባለቤትነት የሚዛወረው ከሦስት ነገሮች አንዱ ሲሆን ነው። አንደኛ፣ ገዢው መቀበሉን ለሻጩ ሲገልጥ፤ ሁለተኛ፣ እንደ ባለቤት የሚያስቈጥረውን ሥራ በዕቃው ላይ ሲሠራ፤ ሦስተኛ፣ አልቀበልም ሳይል የተወሰነውን ጊዜ፣ ጊዜ ካልተወሰነም ተገቢ የሆነውን ጊዜ ሲያሳልፍ። ሦስተኛውን ነጋዴ ሁሉ ልብ ሊለው ይገባል፤ በሙከራ ሽያጭ ዝምታ እንደ መግዛት ይቈጠራልና።

ከፈረስ ወደ ሱቅ

ሁለተኛው ደንብ ባለ ሱቆችንና ጅምላ ነጋዴዎችን ብዙ ያስከፈለ ነው። በ1897 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በለንደን በታየ ጉዳይ አንድ ሰው የጌጣጌጥ ዕቃ «ሸጠህ ክፈል፤ አለዚያ መልስ» ተብሎ ከተረከበ በኋላ በወለድ አግድ አስይዞ ገንዘብ ተበደረበት። ፍርድ ቤቱ ዕቃን በመያዣ መስጠት የባለቤት ሥራ ስለ ሆነ በዚያች ሰዓት ሽያጩ ተፈጽሟል አለ። ስለዚህ ዕቃው የአበዳሪው መያዣ ሆኖ ሲቀር ጌጣጌጡን የሰጠው ነጋዴ ዋጋውን ያንኑ ገንዘብ ካጣው ሰው ላይ ከመጠየቅ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ነገር ግን በ1906 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ተመሳሳይ ጉዳይ ሲቀርብ ፍርዱ ተገላቢጦሽ ሆነ። በዚህኛው ዕቃውን የሰጠው ነጋዴ በማስረከቢያው ወረቀት ላይ ዋጋው እስኪከፈል ወይም በሒሳብ እስኪመዘገብ ድረስ ዕቃው የሰጪው ንብረት ሆኖ እንዲቈይ አስጽፎ ነበር። ስለዚህ ዕቃው በመያዣ ተይዞ ሳለ እንኳ ባለቤትነቱ አልተዛወረምና ነጋዴው ንብረቱን ከአበዳሪው እጅ አስመለሰ። በሁለቱ ነጋዴዎች መካከል የነበረው ልዩነት አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

በአገራችን ሕግ

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው የሚል መሠረት አለው። እንግዲህ የሙከራውን ጊዜ፣ የጉዳቱን ኃላፊነትና የአመላለሱን ሁኔታ ተዋዋዮቹ ራሳቸው ቈርጠው ሊጽፉ ይችላሉ። ከዚህም ጋር ፈረስ የሚሞክር ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ።

1ኛ. ገዢ የተረከበውን ነገር እንደ ተመቸው ወዲያውኑ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ያሉት ለዚህ ይስማማል። በሁለተኛው ቀን ያየውን ማንከስ በሁለተኛው ወር የሚናገር ገዢ ሰሚ አያገኝም።

2ኛ. ገዢው ውሉን ሲዋዋል ያወቀው ወይም ከባድ ቸልተኝነት ከሌለበት በቀር ሊሰወረው የማይችል ጉድለት ሻጩን ኃላፊ አያደርገውም። እዚህ ላይ ሙከራ በሁለት በኩል የተሳለ ሰይፍ መሆኑን እናያለን። ሞክሮ፣ ጉድለቱን አይቶ፣ «ይሁን» ብሎ የገዛ ሰው በኋላ ስለዚያው ጉድለት ለመክሰስ አይችልም። ስለዚህ በሙከራው የታየው ሁሉ ዋጋ ከመቈረጡ በፊት በግልጥ መነገር አለበት።

3ኛ. «ለጉድለቱ ኃላፊ አይደለሁም» የሚል ቃል በውል ውስጥ ማግባት የሚቻል ቢሆንም፣ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኰል የደበቀ እንደ ሆነ ቃሉ አያድነውም።

4ኛ. የቀብድ ነገር ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሕጉ መሠረት ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለም ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ዕጥፍ ይመልሳል። እንግዲህ ፈረሱን ገና ሊሞክር የወሰደ ሰው የሰጠውን ገንዘብ ያለ ማስተዋል «ቀብድ» ብሎ ያስጻፈ እንደ ሆነ፣ ፈረሱን ሲመልስ ገንዘቡን እንዲያጣ ራሱ በር ከፈተ ማለት ነው። የሚሻለው «የማስያዣ ገንዘብ፤ ፈረሱ በጊዜው ሲመለስ በሙሉ የሚመለስ» ብሎ መጻፍ ነው።

ሙከራው እንዴት ይካሄድ

ሕጉ የሚረዳው የሚመረምረውን ሰው ነው። ስለዚህ ሙከራውን እንዴት ማካሄድ እንደሚገባ ጥቂት እንናገራለን።

በመጀመሪያ፣ ፈረሱ ከሻጩ ግቢ ሳይወጣ የእንስሳት ሐኪም እንዲያየው ማድረግ ለሁለቱም ይበጃል። ገዢው በሽተኛ ፈረስ ከመውሰድ ይድናል፤ ሻጩም ፈረሱ በደኅና እንደ ወጣ ማስረጃ ያገኛል። በእንግሊዝ አገር የተለመደው ምርመራ አምስት ደረጃ አለው፤ ይኸውም ቆሞ መመርመር፣ በእርምጃና በሶምሶማ ማየት፣ በብርቱ ማስጋለብ፣ አሳርፎ መመልከት፣ በመጨረሻም እንደ ገና በሶምሶማ ማየት ነው። ከዚህም ጋር ደም ተቀድቶ ይቀመጣል፤ ምክንያቱም ሕመም የሚያስታግስ መድኃኒት የተሰጠው አንካሳ ፈረስ በገበያ ቀን ደኅና መስሎ ሊሄድ ስለሚችል ነው። ለሙከራ የሚወሰድ ፈረስ ጥቂት ቀናት ማደሩ ከሚጠቅምበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው፤ መድኃኒቱ ሲያልፍ እውነቱ ይወጣል።

ዕድሜው በጥርሱ ይታወቃል። ፈረስ የፊት ጥርሶቹን መካከለኞቹን በሁለት ዓመት ተኩል፣ ቀጥለው ያሉትን በሦስት ዓመት ተኩል፣ የዳር ዳሮቹን በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ይለውጣል፤ በአምስት ዓመት አፉ ሙሉ ይሆናል። በታችኞቹ ጥርሶች ገጽ ላይ ያለው ጐድጓዳ ቦታ በመካከለኞቹ በስድስት፣ በተከታዮቹ በሰባት፣ በዳሮቹ በስምንት ዓመት ገደማ እየጠፋ ይሄዳል። በአሥር ዓመት ገደማ ደግሞ በላይኛው የዳር ጥርስ ላይ ከድድ ሥር አንድ ቦይ መታየት ይጀምራል፤ በአሥራ አምስት ዓመት እስከ ጥርሱ እኩሌታ፣ በሃያ ዓመት እስከ ጫፉ ይደርሳል። ምግቡና አኗኗሩ ጥርሱን ስለሚለውጠው ግን ከስምንት ዓመት በላይ ያለው ሁሉ ግምት መሆኑን ማሰብ ይገባል። የጥርሱን ገጽ ፈልፍለው ወጣት የሚያስመስሉ ተንኰለኞችም ስላሉ ዓይን በጥርስ ላይ ብቻ አይቅር።

በየማለዳው ፈረሱ ሳይሟሟቅ በጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ መነዳት አለበት። በፊት እግሩ የሚያነክስ ፈረስ ሕመምተኛው እግር መሬት ሲረግጥ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ደኅነኛው ሲረግጥ ዝቅ ያደርጋል። ያረፈ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ ትንፋሹም ከ8 እስከ 16 ይሆናል፤ የሰውነቱ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ከግልቢያ በኋላ የልቡ ምትና ትንፋሹ ቶሎ የማይመለስ ከሆነ ያጠራጥራል። በጋጣ ውስጥም ሳያዩት አድብቶ መመልከት ይጠቅማል፤ እንጨት እየነከሰ አየር የሚውጥ፣ ወይም ቀንና ሌሊት ከግራ ወደ ቀኝ የሚወዛወዝ ፈረስ በገበያ ላይ ይህን አያሳይም።

ፈረሱ የሚሞከረው ለሚፈለግበት ሥራ ነው። ለጋሪ የሚፈለግ በጋሪ፣ ለኮርቻ የሚፈለግ በኮርቻ፣ ለጭነት የሚፈለግ በጭነት ይሞከር፤ ባልደራሱ ሳይሆን ወደ ፊት የሚይዘው ሰው ራሱ ይሞክረው። ለጋሪ ሲሞከር በመጀመሪያ ባዶ ጋሪ፣ ቀጥሎ ጥቂት ጭነት፣ ከዚያ የተለመደው ጭነት ይደረግ። ነገር ግን የሮማውን ጋላቢ ማስታወስ ይገባል፤ የሻጩን ፈረስ በስምንት ቀን ሙሉ ገንዘብ እያስገቡበት መንዳት ሙከራ አይባልም።

የአመጋገቡም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ገብሱንና ገለባውን በድንገት የለወጡበት ፈረስ በቁርጠት ሊሞት ስለሚችል፣ ገዢው ፈረሱ በሻጩ ቤት ምን ይመገብ እንደ ነበር ጠይቆ በዚያው መጀመርና ቀስ በቀስ መለወጥ አለበት። ደግሞም አዲስ መጤውን ከቀድሞ ፈረሶቹ ጋር በአንድ ግርግም አያብላው። የመንጋጋ ሥር እጢን አሳብጦ አፍንጫን የሚያስመግለው ተላላፊ በሽታ ከሦስት እስከ አሥራ አራት ቀን ተሰውሮ ሊቈይ ይችላል። በአገራችን በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚበዛው፣ በእግርና በደረት ቆዳ ላይ እንደ ሐረግ ተያይዞ የሚያብጥና የሚቈስል የሻጋታ በሽታም በቁስልና በዕቃ ይተላለፋልና ኮርቻውን፣ ልጓሙንና የቁስል ጨርቁን ለየብቻ ማድረግ ያስፈልጋል። አንድ ፈረስ በነጻ ለመሞከር ብሎ ያሉትን ሦስት ፈረሶች ያስያዘ ሰው ትርፉን ከየት ያገኘዋል?

ውሉ ምን ይያዝ?

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሊጻፍ የሚችል ነው። ለአብነት ያህል የሚከተለውን እናቀርባለን፤ ተዋዋዮቹ እንደ ጉዳያቸው ሊለውጡት ይችላሉ።

«እኔ ሻጭ ............ መልኩ ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ............ ምልክት ያለበት፣ ዕድሜው በግምት ............ ዓመት የሆነውን ፈረሴን ለገዢ ............ በሙከራ አስረክቤአለሁ።

1. ሙከራው ከ............ ቀን ጀምሮ እስከ ............ ቀን ከቀኑ ............ ሰዓት ድረስ ነው። ዋጋው ገዢው መግዛቱን በጽሑፍ ካረጋገጠ ብር ............ ይሆናል።

2. ገዢው በተወሰነው ሰዓት ውስጥ ፈረሱን ካልመለሰ ወይም አልገዛም ብሎ ካላስታወቀ እንደ ገዛ ይቈጠራል።

3. ገዢው መግዛቱን እስኪያረጋግጥ ድረስ ፈረሱ የሻጩ ንብረት ነው። ገዢው ሊሸጠው፣ ሊያከራየው፣ በመያዣ ሊሰጠው አይችልም።

4. ያለ ገዢው ጥፋት የሚደርስ ሕመም፣ ጉዳት ወይም ሞት የሻጩ ነው። በገዢው ወይም በሠራተኞቹ ጥፋት የሚደርሰው የገዢው ነው።

5. ፈረሱ የሚሞከረው ለ............ ሥራ በቀን ከ............ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ነው። ቀለቡ የ............ ነው። ቢታመም ገዢው በዚያው ቀን ለሻጩ ያስታውቃል፤ ሐኪምም ያስጠራል።

6. ገዢው ብር ............ የማስያዣ ገንዘብ ሰጥቷል። ይህ ገንዘብ ቀብድ አይደለም፤ ፈረሱ በጊዜው ሲመለስ በሙሉ ይመለሳል፤ ከተገዛም ከዋጋው ይታሰባል።

7. ፈረሱ ሲሰጥም ሲመለስም ሁለት ምስክሮች ባሉበት ይታያል፤ ሁኔታውም ይጻፋል።»

ከእነዚህ ሁሉ ክርክር የሚያስነሣው አራተኛው ነው። አንዳንድ ሻጭ «በሰው እጅ ሳለ ለሚሞት ፈረስ ለምን እኔ እጎዳለሁ?» ይላል፤ አባባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለው ሻጭ ጉዳቱ በገዢው እንዲሆን መዋዋል ይችላል፤ ነገር ግን ገዢው በምላሹ የዋጋ ቅናሽ ወይም የሙከራውን ጊዜ ማሳጠር ቢጠይቅ አይደንቅም። መድን በሚገኝበት ቦታ ደግሞ ለእነዚያ ጥቂት ቀናት የሚከፈለውን ገንዘብ ለሁለት መክፈል መልካም ዕርቅ ነው። ዋናው ነገር ጉዳቱን ማን ይሸከም የሚለው ጥያቄ ፈረሱ በሕይወት ሳለ መልስ ማግኘቱ ነው፤ ከሞተ በኋላ የሚሰጥ መልስ ሁሉ ለአንደኛው ወገን መራራ ነውና።

ፈረስ የሚለውን ቃል አንሥተን የወፍጮ ሞተር፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ ወይም አንድ ሣጥን ሽቶ ብንተካበት ይኸው ወረቀት ከጥቂት ለውጥ ጋር ያገለግላል። አስመጪው ለባለ ሱቅ «ሸጠህ ክፈል» ብሎ የሰጠው ዕቃ በእሳት ቢጠፋ፣ ወይም ባለ ሱቁ ቢከስርና አበዳሪዎቹ ሱቁን ቢያሳሽጉት፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ያው የቀድሞው ነው፤ ዛሬ ማታ ዕቃው የማን ነው? ይህን በጽሑፍ ያልመለሰ ነጋዴ መልሱን የሚሰማው ከዳኛ አፍ ነው።

የአገራችን ሰው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል። ውልም እንደዚሁ ነው፤ ነጋዴውን እስከ መልካም ገበያ ደጅ ያደርሰዋል፤ ጠባይን መመርመር፣ ቀኑን መቍጠር፣ የታየውን ጉድለት ፈጥኖ መናገር ግን የነጋዴው የራሱ ሥራ ነው። በስምንት ቀን ሙከራ ውስጥ ሰባቱን ቀን ዝም ብሎ በስምንተኛው የሚባንን ገዢ፣ ወይም ፈረሱን ያለ ምስክር አስረክቦ በስምንተኛው ቀን ምስክር የሚፈልግ ሻጭ፣ ሁለቱም ወረቀታቸው ምንም ያህል ቢያምር ከጉዳት አይድኑም። ተዋዋዮቹ ዛሬ አንድ ገጽ ለመጻፍ የሚያጠፉት ግማሽ ሰዓት ነገ የአንድ ፈረስ ዋጋና የብዙ ዓመት ወዳጅነት ሊያተርፍላቸው ይችላል።